ሰሙ የት ቀለጠ? የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕል ድባብና ትእምርት በናርጋ ሥላሴ

በጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ሰፊው ደቅ ነው። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት በርካታ ሥዕሎች በአንዱ፣ ልጇን በታቀፈችው በእመቤታችን እግር ሥር አንዲት ሴት መሬት ላይ ተዘርግታ ትታያለች። እሷም ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። አንባቢ እንደሚያስተውለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እሷ»ንና «ናቸው»ን ደባለቅሁ። ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። በታሪክ የምናውቃቸውን ንግሥት ባነሣሁ ቁጥር አንቱ እላለሁ፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለችውን ግን እሷ እላታለሁ። ሥዕሏን አንቱ ብላት ሠዓሊው ያስተኛትን እኔ ላስነሣት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በዚያው ሥዕል ላይ ያለችውን እመቤታችንን ሁላችንም «እሷ» እያልን ከእግሯ ሥር ያለችውን «እሳቸው» ማለቱ ለጆሮ አይስማማም።

ይህ ጽሑፍ ሥዕሉ ስለሚፈጥረው ድባብና ስለሚሸከመው ትእምርት ነው። ይሁንና የራሴን አንድ ስሕተት ለማረም ጭምር የተጻፈ ስለሆነ ከስሕተቱ እጀምራለሁ። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ትእምርት ሳስተምር የዚህን ሥዕል ቅጂ ይዤ ክፍል ገባሁ። የመረጥሁት ናርጋ ለጎጃም ቅርብ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። የምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የዳሞቱን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ራስ ኃይሉን ወልደዋል፤ ጎጃምን ሲገዛ የኖረውም መስፍናዊ ቤት ትውልዱን ወደዚሁ ጋብቻ ይቆጥራል። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ የተቀመጡትና በ1881 የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚሁ ቤት ናቸው። እንግዲህ የደብረ ማርቆስ ተማሪ በዚህ ሥዕል ላይ የሚያየው የሩቅ አገር ንግሥት አይደለም፤ የአገሩ ባላባቶች አያት ናት።

በዚያን ዕለት የሰጠሁት ትንተና የተለመደው ነበር። ልብሷ የንግሥት ነው፤ አኳኋኗ የተማፃኝ ነው። ስለዚህ ሰሙ ትሕትናዋ ነው አልኩ፤ ወርቁ ግን ሥልጣኗ። በእመቤታችን እግር ሥር የመውደቅ ዕድል ለማንም አይሰጥም፤ በመቅደስ ግድግዳ ላይ ለመሣል የበቃ ሰው ዝቅ ያለ ቢመስልም ከፍ ማለቱን እያወጀ ነው፤ እያልሁ ቀጠልሁ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። አንዱ ብቻ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሥዕሉን ያያል። ዋሸራ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የዞረ ልጅ ነበር። እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ ሰሙ የት ቀለጠ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ጥያቄው የቀልድ ይምሰል እንጂ የሙያ ጥያቄ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት መሆኑ ይታወቃል። አንጥረኛው ሊሠራ ያሰበውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ያንን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ወርቁ ቅርጽ የሚያገኘው ሰሙ በመጥፋቱ ነው። በቅኔውም እንደዚያው ነው፤ ሰሚው ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙ አገልግሎቱን ፈጽሟል፤ አምሮ ይቀራል እንጂ የነገሩ ጉዳይ እሱ አይደለም። አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ትሕትናዋ ሰም ከሆነ መቅለጥ አለበት። ቢቀልጥ ግን ሴትየዋ ተነሥታ ትቆማለች፤ ብትቆም ደግሞ ይህ ሥዕል የለም። ነገሩን ገልብጠን ልብሷን ሰም፣ ስግደቷን ወርቅ ብንልስ? ልብሱ ቢቀልጥ ማንነቷ የማይታወቅ አንዲት ሰጋጅ ትቀራለች፤ አሁንም ሥዕሉ ፈረሰ። በሁለቱም በኩል የሚቀልጥ ነገር ጠፋ።

የእኔ ስሕተት የእኔ ብቻ አይመስለኝም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ በሰጡት የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው ይህን የቅኔ ስልት የአማራውን ጠባይና አነጋገር መፍቻ ቁልፍ ካደረጉት ወዲህ፣ ቁልፉን ለማይመለከተው በር ሁሉ ስንሞክረው ኖረናል። ሰው ዝቅ ብሎ ሰላምታ ከሰጠ ሰም ነው፤ ከበስተኋላው ወርቅ ይፈለጋል። አባባሉ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ነገር ግን ትሕትና ሁሉ መጋረጃ ነው ወደሚል ጥርጣሬ ያደርሳል፤ ያን ጥርጣሬ ይዞ ሥዕል ፊት የቆመ ሐያሲ ደግሞ የሚታየውን ከማየቱ በፊት የማይታየውን ማደን ይጀምራል። እኔ በትክክል ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መልስ ፍለጋ ሥዕሉን ራሱን ለማየት ተነሣሁ። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጌ ባሕር ዳር ገባሁ፤ በማግሥቱ በሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ተሻገርሁ። ወደ ናርጋ የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጀምስ ብሩስ ነው። በ1770 ጎንደር የገባው ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ፒፓውን እንደያዘ በናርጋ ተቀርጿል ተብሎ ስለሚነገር፣ አስጎብኚው መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። እኔንም ሊያሳየኝ ጀምሮ ነበር። ፒፓ ይዞ ለተቀረጸ መንገደኛ ይህን ያህል ጊዜ ሰጥተን፣ ቤቱን ያሠሩትን ባለቤት ለመጨረሻ ማቆየታችን ይገርመኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ በአገራችን ሥርዓት ክብ ነው፤ መቅደሱ በመካከል ቆሟል፤ ግድግዳዎቹ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ናቸው። የአሣሣሉ ስልት ባለሙያዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት ከሚሉት ወገን ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የመጀመሪያው ስልት ቀለሙን ብሩህና ወጥ አድርጎ ይቀባል፤ ጥላ አያውቅም፤ መደቡን ባዶ ይተዋል። በምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው ግን ፊትን በጥላ ያሞላዋል፤ መደቡን ከቢጫ ወደ ቀይ ቀስ በቀስ ያሸጋግራል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ልብስን ይወድዳል። የሐር ጨርቁ አበባ፣ የካባው ዘርፍ፣ የትራሱ ጌጥ ሳይቀር በትዕግሥት ይሣላል። ይህ ፍቅር ያለ ምክንያት አልመጣም። በዚያ ዘመን ከሕንድና ከዐረብ አገር የሚመጣው ግምጃ በምጽዋ በኩል ወደ ጎንደር ይገባ ነበር፤ ሠዓሊውም ቤተ መንግሥቱ የለበሰውን አይቷል።

ስለ ፊቷ ብዙ የምለው የለኝም። የጎንደር ሠዓሊ ፊት ሲሥል ሰው አስቀምጦ አይደለም። ዐይኑ ትልቅ፣ ቅንድቡ ቀስት፣ አፉ ትንሽ ነው፤ የጻድቅና የመልካም ሰው ፊት ሁለት ዐይኑ እንዲታይ ሆኖ ይሣላል፤ የክፉው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዐይን ብቻ ይቀርለታል። የእሷም ፊት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ «ፊቷ ኀዘን ይነበብበታል»፣ «ዐይኖቿ የልጇን ነገር ይናገራሉ» የሚሉ አስተያየቶችን ስሰማ እጠራጠራለሁ፤ ያው ዐይን በአጠገቧ ባሉት ቅዱሳንም ፊት ላይ አለ። እሷን እሷ የሚያሰኛት መልኳ ሳይሆን ስፍራዋና ልብሷ ነው። ነገሩ ከስሟ ጋር ሲታይ ያስደንቃል። ምንትዋብ ማለት ምን ያህል ውብ ናት እንደ ማለት ነው፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ በሕዝብ አፍ የቀረው ግን ውበታቸውን የሚያደንቀው ነው። ስሟ የአድናቆት ጩኸት የሆነችውን ሴት ሠዓሊው ሲሥላት ለውበቷ የተለየ ፊት አልሰጣትም።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ላይ የመልክዕ ድርሰት ትዝ ሊለው ይገባል። መልክዕ ቅዱሱን ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ በየብልቱ ሰላም እያለ የሚያወድስ የግእዝ ድርሰት ነው። አካልን ከላይ ወደ ታች ያነብባል። የናርጋው ሥዕልም በዐይን ሲነበብ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከእመቤታችን ፊት ወደ ሕፃኑ፣ ከሕፃኑ ወደ እግሯ፣ ከእግሯም ወደ ተዘረጋችው። መልክዑ በእግር ያበቃል፤ ሥዕሉ ግን ከእግሩ ቀጥሎ ሰው አስቀመጠ። በዚህ አነባበብ ምንትዋብ የውዳሴው ርእስ አይደለችም፤ አወዳሿ ናት። የድርሰቱ መጨረሻ ላይ ስሙን አስገብቶ «ማረኝ» እንደሚል ባለቅኔ ግርጌ ላይ ፊርማዋን በሰውነቷ አኖረች።

ድባብ የሚለውን ቃል ለሥነ ጽሑፍ ሂስ ስንዋሰው ከየት እንዳመጣነው እንረሳዋለን። ድባብ በንጉሥና በታቦት ላይ የሚዘረጋው ያጌጠ ትልቅ ጥላ ነው። እቴጌይቱ በጎንደር ሲወጡ ድባብ ይያዝላቸው ነበር። በናርጋው ሥዕል ከራሷ በላይ ያለው የሹም ጥላ አይደለም፤ የእመቤታችን እግር ነው። እኔ የሥዕሉ ድባብ የምለው ይህንኑ ነው። በላይዋ ያለው ነገር ተለወጠ፤ ከበላይዋ ያለው ስለ ተለወጠም መሬቱ ላይ ያለው ልብስ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ።

ልብሱ ምን ይላል? የእኛ ሰው በልብስ ይናገራል። በጌታ ፊት የሚቆም ሸማውን ከወገቡ አስሮ ያደገድጋል። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ዘቅዝቃ ትለብሳለች። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ መስቀለኛ ያጣፋል። ሠዓሊው ትሕትናን በልብስ ማሳየት ቢፈልግ ኖሮ ምልክት አላጣም፤ ነጭ ሸማ አልብሶ፣ አስደግድጎ፣ ዘቅዝቆ ሊሥላት ይችል ነበር። አላደረገም። ሰውነቷ ሲሰግድ ግምጃዋ አልሰገደም። የመጀመሪያ ትንተናዬ ይህንን አይቶ «እንግዲያው ትሕትናዋ ለይስሙላ ነው» አለ። ነገር ግን ግምጃ በቤተ ክርስቲያን ሌላ ሕይወትም አለው፤ ግምጃ ታቦት ይለብሳል፣ መጋረጃ ይሆናል፣ ለካህናት ይሰጣል። ንግሥቲቱ ግምጃዋን ለብሳ በእመቤታችን እግር ሥር መተኛቷ ግምጃዋን ማሳየቷም ነው፣ ማንጠፏም ነው። የሚታየው ነገር አንድ ነው፤ የተባለው ሁለት ነው።

በዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ሥዕል ላንሣ። ፍላንድራዊው ያን ቫን አይክ በ1435 ገደማ የሣለው፣ አሁን በፓሪስ ሉቭር ያለው ሥዕል ሮሊን የተባለውን የቡርጎኝ ባለሥልጣን በእመቤታችን ፊት ያሳየናል። ሮሊንም ያጌጠ ግምጃ ለብሷል። እሱ ግን ተንበርክኮ ከእመቤታችን ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ቁመቱ ከቁመቷ አያንስም፤ ሊያነጋግራት የመጣ ይመስላል። የእኛዪቱ ከእግር ሥር ናት፤ መጠኗም አንሷል። ሮሊን ጉዳይ አለው፤ ምንትዋብ ተማኅጽኖ አላት። ይህ ልዩነት የሥዕል ስልት ብቻ አይመስለኝም። በኪዳነ ምሕረት ትምህርት እመቤታችን ከልጇ የተቀበለችው ቃል ኪዳን አለ፤ በስሟ መልካም የሠራ፣ በስሟ የተማፀነ ይማርላታል። ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው ከእግሯ ሥር መሣሉ ያንን ቃል ኪዳን መያዣ አድርጎ መቅረቡ ነው።

ስግደትም በእኛ ታሪክ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለንጉሥም ለእመቤታችን ሥዕልም አንሰግድም በማለታቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርቱ መከራ ተቀብለዋል። በዚያው ንጉሥ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ የሣላት የእመቤታችን ሥዕል ከደቅ አጠገብ በዳጋ እስጢፋኖስ ትገኛለች። ዳጋን ሴት አይረግጠውም፤ ሥዕሏ ግን እዚያ አለች። ይህንን አስቤ ወደ ናርጋ ስመለስ፣ በዚህ ሐይቅ ላይ አንዲት ሴት በስሟ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ መሣሏ ምን ያህል ከባድ እርምጃ እንደሆነ ገባኝ። ምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ላይ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ዛሬም ያስደንቃል፤ የእሌኒን መልክ ግን አላቆየልንም።

ናርጋ በነበርሁበት ቀን በሴቶች በር በኩል አንዲት ጋቢ የለበሱ አሮጊት ገቡ። ወደ መቅደሱ ዞረው ሦስት ጊዜ ሰገዱ፤ በሦስተኛው ወዲያው አልተነሡም። እኔ ከቆምሁበት ሳይ የእሳቸው ጀርባና የተሣለችው ሴት በአንድ መስመር ላይ ውለዋል። ሲነሡ ጠብቄ፣ «እናቴ፣ ለማን ነው የሰገዱ?» አልኋቸው።

«ለእመቤቴ ነዋ! ለማን ልሰግድ ኖሯል?»

«ይቺስ፣ ከሥር ያለችው?»

ሥዕሉን አዩት። «እሷማ እንደኔው ናት፤ ቀድማኝ መጥታ ነው።»

ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ አራግፈው ወጡ። እኔ በክፍል ውስጥ ሥልጣንን የሚያውጅ ያልሁትን ግምጃ እሳቸው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። አልታያቸውም ማለቴ አይደለም፤ አይተውታል። ነገር ግን ሴትየዋን ከእሳቸው የሚለይ ሆኖ አላገኙትም። በሌላ በኩል ደግሞ ሥዕሉን ያሠሩት ንግሥት ይህችን አሮጊት አስበው ነው ለማለት አልደፍርም። ሠዓሊው ግምጃውን በዚያ ትጋት የሣለው ማንም ሳይሳሳት «እቴጌይቱ ናቸው» እንዲል ነው። ሁለቱም አንባቢዎች፣ መኳንንቱም አሮጊቷም፣ በሥዕሉ ውስጥ ቦታ አላቸው።

አሁን ከሁሉ ያስቸገረኝን ላንሣ። ከላይ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋለች። ከታች አንዲት እናት አለች፤ እቅፏ ባዶ ነው። ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ነበር፤ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር የነገሡት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1732 ዐመፅ ተነሥቶ በጎንደር ቤተ መንግሥቱ እስከመከበብ ደረሰ። የሥልጣናቸው ሁሉ ምንጭ ያ ልጅ ነበር። ጎንደር ላይ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን በቍስቋም ስም መሰየማቸውንም ልብ ይሏል፤ ቍስቋም ሕፃን ልጇን ከገዳይ ንጉሥ ያሸሸች እናት ያረፈችበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያለች ንግሥት ራሷን ስታሣል ልጇን በአጠገቧ ታስቀምጣለች ብለን ብንጠብቅ አይፈረድብንም። በእቅፏ ግን የለም።

ይህን ባዶ እቅፍ ለማንበብ ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው፣ ልጁን ለላይኛዋ እናት ሰጥታዋለች፤ ከላይ የታቀፈው ሕፃን ውስጥ የእሷም ልጅ አለ፤ ልመናዋ ስለ እሱ ነው። በሁለተኛው፣ ስለ ልጇ ለመለመን አልመጣችም። የበካፋ ሚስት፣ የኢያሱ እናት ተብላ ሳይሆን በገዛ ስሟ፣ ስለ ገዛ ነፍሷ መጥታለች፤ ከባልም ከልጅም ውጭ ለራሷ ቆማ የምትገኝበት ስፍራ ይህ የስግደት ስፍራ ብቻ ነው። ለየትኛው እንደማደላ ብጠየቅ ለሁለተኛው አደላለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያውን የሚያፈርስ አንድም ነገር በሥዕሉ ላይ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ከአንድ ወጥመድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኛ የኋላውን ታሪክ እናውቃለን። ኢያሱ በ1755 ሞተ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ተገደለ። እሳቸው በ1773 እስኪያርፉ ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረው ኖሩ። ይህንን የሚያውቅ ሰው ባዶውን እቅፍ ሲያይ የሐዘን ሥዕል ያነብባል፤ እኔም አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ። ነገር ግን ሠዓሊው ያንን አያውቅም። የሣላት ሴት በኃይሏ ሳለች፣ ሕንጻ በማሠራት ላይ ሳለች ነው። ያልደረሰ ሐዘን በፊቷ ላይ ማንበብ ታሪክን ማወቅ እንጂ ሥዕልን ማየት አይባልም። በሥዕሉ ላይ ያለው መደብ የሚሞቅ ቢጫና ቀይ ነው፤ ልብሱ አበባ ነው። ድባቡ ሐዘን ሳይሆን መጠበቅ ነው። ተማፃኟ ጠይቃለች፤ መልሱ ገና ነው፤ ሥዕል ስለሆነች ደግሞ ገና እንደሆነ ይኖራል።

ከጎጃም ምድር ከወጡት በሥነ ጽሑፍ ከተሣሉ ሴቶች ሁሉ የምትታወቀው የሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌል ናት። በ1966 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ የባላባት ልጅነቷን በልብስ ትጥላለች፤ መነኩሴ መስላ ከቤት ትወጣለች፤ በዛብህ ከሞተባት በኋላ እውነተኛ መነኩሲት ትሆናለች። የእሷን ታሪክ በሰምና ወርቅ ማንበብ ይቻላል፤ የሚወልቅ ነገር አለና። በመጀመሪያ ለመደበቂያ የለበሰችው የምንኩስና ልብስ በመጨረሻ እውነት ሆኖ ያርፋል። ምንትዋብ ግን ምንም አላወለቀችም። ከሰብለ ጋር ሳስተያያት ነው የናርጋዋ ሴት በምን ስልት እንደተሠራች የታየኝ።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ብቻውን አይደለም። ኅብር የሚባል አለ፤ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ሳይሰበር፣ ሁለት ፍቺ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። አንዱ ሌላውን አያቀልጠውም። የሚያስገርመው ደግሞ ኅብር በግእዙ ቀለም ማለትም መሆኑ ነው፤ ኅብረ ቀለም የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ሠዓሊና ባለቅኔ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ስለዚህ ለዚያ ተማሪ ከዓመታት በኋላ የምሰጠው መልስ ሰሙ የትም አልቀለጠም፣ ሰምም አልነበረ፣ የሚል ነው። ስግደቷ እውነተኛ ስግደት ነው፤ ግምጃዋ እውነተኛ ግምጃ ነው፤ ትሕትናዋን ለማመን ሥልጣኗን መካድ፣ ሥልጣኗን ለማየት ትሕትናዋን መጠርጠር አያስፈልግም።

ተማሪው ዛሬ ራሱ መምህር ነው። ይህንን ከመጻፌ በፊት ስልክ ደውዬ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና እንደልማዱ ጠየቀ፤ «ኅብር ከሆነ ቃሉ አንድ መሆን አለበት፤ የቱ ነው ቃሉ? ግምጃው ነው እንዳይሉኝ፤ ግምጃ ብዙ ሥዕል ላይ አለ።»

«እቅፏ ነው» አልሁት።

ጥቂት ቆየ። «በቅጂው ላይ እኮ እዚያ ጋ ጠቆር ብሎ አይለይም፤ እኔ ልብሱን ብቻ ነው ያየሁት» አለ። ከዚያ ጀልባው ከባሕር ዳር ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀኝ።